የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ክብደቱ ክትትል ላይ ያለ ልጅና የቤቱ ገበታ

በዚህ ወር ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከወልድያ የደረሱን አራት ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ላይ የሚገናኙ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ደብዳቤዎቹን ከማሳጠር በቀር አልነካናቸውም፤ የጸሐፊዎቹንም ስም እንደ ልማዳችን አላወጣንም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ ሆጤ አካባቢ ነው። የ10 ዓመት ወንድ ልጄ ክብደቱ ከዕድሜው በላይ ነው ተብሎ ወደ ሕፃናት ሐኪም ተላክን። ደሙም ሽንቱም ተመርምሮ ደህና ቢሆንም በየሁለት ወሩ እየተመላለሰ ክትትል ያድርግ ተባልን። ቁመቱ 140 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 43 ኪሎ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤታችን ሰላም የለውም። አባቱ ልጁ እጁን ወደ ትሪው በዘረጋ ቁጥር «ይበቃሃል» ይለዋል። አብረውን የሚኖሩት አማቴ ደግሞ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሁለት ልጆች የቀበሩ ሰው ናቸው፤ «ሐኪሙ ልጄን ሊያስርብብኝ ነው» እያሉ ማታ ማታ ጓዳ ጠርተው ዳቦ በማር ያበሉታል። ታናሽ እህቱ ቀጭን ስለሆነች ለእሷ ብስኩትና ጁስ እገዛለሁ፤ እሱ ቆሞ ያያታል። ባለፈው ሳምንት እንግዶች ባሉበት አባቱ ከልጁ ፊት ያለውን እንጀራ ሰብስቦ ወደ እህቱ ፊት ሲያዞረው፣ ልጁ አንድ ቃል ሳይናገር እጁን ታጥቦ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ከእኛ ጋር ቀርቦ አልበላም። በመጨረሻው ቀጠሮ ኪሎው እዚያው በመሆኑ አባቱ «ልፋታችን ሁሉ ከንቱ ነው» ብሎ ተቆጣ። ልጃችንን እናድናለን ብለን እያጣነው ይሆን?

መልስ፦ ውድ እናት፣ ከቁጥሩ ልጀምር፤ በቤትዎ ለተነሣው ቁጣ ቢያንስ ግማሹ ቁጥሩን አሳስቶ ከማንበብ የመጣ ይመስለኛል። ሐኪሞች የልጅን ክብደት ብቻውን አይመለከቱትም። ኪሎውን በሜትር ለተለካው ቁመት ሁለት ጊዜ ያካፍሉትና የሚያገኙትን ምጣኔ የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 (እ.ኤ.አ.) ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉ ልጆች ካወጣው የዕድገት ሠንጠረዥ ጋር ያስተያዩታል። የልጅዎ ምጣኔ 21.9 ገደማ ነው። ለ10 ዓመት ወንድ ልጅ ከልክ ያለፈ ውፍረት የሚጀምርበት መሥመር 21.4 ላይ ስለሚያልፍ፣ ሐኪሙ ክትትል ማዘዙ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ልጁ እያደገ መሆኑን አይርሱ። በመጪው ዓመት ቁመቱ 5 ሴንቲ ሜትር ቢጨምርና ኪሎው እዚያው 43 ላይ ቢቆም፣ ምጣኔው ወደ 20.5 ይወርዳል፤ በ11 ዓመቱ መሥመሩ ራሱ ወደ 22.5 ከፍ ስለሚል፣ ልጅዎ አንድ ኪሎ ሳይቀንስ ከመሥመሩ በታች ገባ ማለት ነው። ስለዚህ «ኪሎው እዚያው ነው» የሚለው ዜና በእርስዎ ልጅ ዕድሜ ጥሩ ዜና ነው፤ ይህንንም ባለቤትዎ ከእርስዎ ሳይሆን ከሐኪሙ አፍ ቢሰሙት ይሻላልና ለሚቀጥለው ቀጠሮ አብረው ይሂዱ።

ወደ ትሪው ልመለስ፤ ከደብዳቤዎ ውስጥ እጅግ ያሳሰበኝ እሱ ነውና። በውጭ አገር የሚጻፉ የአመጋገብ ምክሮች አብዛኞቹ እያንዳንዱ ሰው የየራሱ ሳህን እንዳለው አድርገው የሚነሡ ናቸው፤ እዚያ የአንዱን ልጅ ድርሻ ማሳነስ ሌላው ሳያየው የሚሠራ ነገር ነው። እኛ ግን ከአንድ ገበታ ስለምንበላ፣ የልጁን እጅ መያዝ ማለት በወንድም በእህቱ፣ በአያቱና በእንግዳው ፊት መያዝ ማለት ነው። ልጁ የሚማረውም ስለ ምግብ አይደለም፤ በዚህ ቤት ከሁሉ ይልቅ የሚጠበቀው እሱ መሆኑን ይማራል። የዚህ ዕድሜ ልጅ እንዲህ ሲዋረድ ረሃቡን አይተወውም፤ ቦታውን ይቀይራል፤ ከገበታ ወደ ጓዳ፣ ከጓዳም ወደ ሰፈር ሱቅ ይወስደዋል።

የሥነ ምግብና የቤተሰብ የምክር ሕክምና ባለሙያ የሆኑት አሜሪካዊቷ ኤለን ሳተር ለወላጆች የሚያስተምሩት አንድ የሥራ ክፍፍል አለ፤ ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው ወላጅ ሲሆን፣ ከቀረበው ውስጥ ምን ያህል እንደሚበላ የሚወስነው ልጁ ነው። ይህን ለእኛ ገበታ ስናውለው ሥራው ሁሉ ትሪው ከመቅረቡ በፊት ያልቃል ማለት ነው። እንጀራው በትሪው ላይ ተደራርቦ ከመቅረብ ይልቅ ለሁሉም የሚበቃው ይነጠፍ፣ ጭማሪው መሶብ ውስጥ ይቆይ፤ የፈለገ ሰው ጠይቆ ይወስዳል፣ ልጅዎም ከጠየቀ ያለ ፊት መክበድ ይሰጠው። ጎመኑ፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ምስሩና ክኩ በሁሉም ፊት በርከት ብሎ ይውጣ፤ ዘይቱና ቂቤው ለሁሉም ይቀነስ። ለአንዱ ብቻ የተለየ ወጥ እንዳይሠራ አደራ እላለሁ። ውሃ በጆግ ይቅረብ፣ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። ትሪው ከቀረበ በኋላ ግን ስለ መጠን ከማንም አፍ ምንም ቃል እንዳይወጣ ለባለቤትዎ በግልጽ ይንገሯቸው፤ «ይበቃሃል» የሚለውም፣ «ብላ እንጂ» የሚለውም ይቅር። ጉርሻ አይቁም። ጉርሻ ከቀረበት ልጁ ቅጣት አድርጎ ነው የሚያየው፤ አባቱን ከተቀየመ በኋላ ወደ ገበታ የሚመልሰው ነገር ቢኖር ከአባቱ እጅ የሚመጣ አንድ ጉርሻ ይመስለኛል።

አማትዎን በተመለከተ ጥንቃቄ ያሻል። በ1966ም ሆነ በ1977 ዓ.ም. በወሎ የነበረውን ያየ ሰው፣ ደንደን ያለ ልጅ ሲያይ ደስ ቢለውና «ይቅነስ» የሚል ቃል ሲሰማ ሆዱ ቢባባ አይፈረድበትም። ደግሞም ብቻቸውን አይደሉም፤ የጤና ተቋሞቻችንም ዓይን የሠለጠነው ክሳትን ለማየት ነው፤ ጤና ኤክስቴንሽኗ የሕፃኑን ክንድ የምትለካበት ባለ ሦስት ቀለም ጥብጣብ ለዚህ የተሠራ ነው፤ በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 46ቱ ቁመታቸው ከዕድሜያቸው በታች ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ አማትዎን አይከራከሯቸው፤ ሥራ ይስጧቸው እንጂ። የከሰዓቱን መክሰስ ለእሳቸው ይልቀቁላቸው፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በ10 ሰዓት ላይ ቆሎ፣ የተቀቀለ ሽምብራ፣ እንቁላል ወይም ብርቱካን በገሃድ፣ ለሁለቱም ልጆች እኩል ከአያታቸው እጅ ይቅረብ። ጎጂው ማሩ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ ልጁ መብላትን ከመደበቅ ጋር አያይዞ መማሩ ከማሩ ይበልጥ ይጎዳል። አማትዎ የሚሰጡት ነገር ሰዓትና ቦታ ሲኖረው የጓዳው ጥሪ በራሱ ጊዜ ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ።

የእህቱ ጁስና ብስኩት ግን መቆም አለበት። ቀጭን ብትሆንም ስኳር አያስፈልጋትም፤ እንቁላል፣ ወተት፣ አቮካዶና ለውዝ ለእሷ ይበልጥ ይጠቅሟታል፣ ወንድሟም ቢቀምስ አይጎዳውም። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ 30 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል፤ ይህም 7 ወይም 8 የሻይ ማንኪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ የሚጨመር ስኳር ከቀኑ ጉልበት ሰጪ ምግብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ለ10 ዓመት ልጅ ይህ ከ40 እስከ 45 ግራም ቢሆን ነው። ጠዋት ሁለት ብርጭቆ ሻይ በሦስት በሦስት ማንኪያ ስኳር የጠጣ ልጅ ለስላሳውን ሳይነካ ግማሹን ጨርሷል ማለት ነው፤ በወሎ ቤት ሻይ ስንት ጊዜ እንደሚፈላ ደግሞ እርስዎ ያውቃሉ። ስኳሩ ለልጁ ብቻ ሳይሆን በቴርሞሱ ውስጥ ለሁሉም ይቀነስ፤ ቀስ በቀስ ከተቀነሰ ማንም ልብ አይለውም።

ቤቱ በሙሉ ይለወጥ የምለው ለደግነት ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሊዮናርድ ኤፕስታይን ከባልደረቦቹ ጋር ለ10 ዓመት ተከታትሎ በ1990 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት፣ ወላጅና ልጅ አብረው ልማዳቸውን እንዲለውጡ የተደረጉባቸው ቤተሰቦች ልጆች፣ ልጁ ብቻውን ከታከመባቸው ይልቅ የተሻለ ውጤት ይዘው ተገኝተዋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም በ2023 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ፣ ከ3 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ቢያንስ 26 ሰዓት ከቤተሰቡ ጋር ፊት ለፊት የሚደረግ ምክክርን ዋናው ሕክምና አድርጎታል። በየሁለት ወሩ ለጥቂት ደቂቃ የሚታይ ልጅ ይህን ያህል ሰዓት አያገኝም፤ ጉድለቱን የሚሞላው ቤት ነው።

እንቅስቃሴን በሚመለከት ብዙ አልልም። ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብ ሞቅ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ይመከራል፤ ደሴ ላይ ለሚኖር ልጅ ዳገቱ ራሱ ስፖርት ስለሆነ ባጃጁን መተው ይበቃል። አባቱ ቅዳሜ ከሰዓት ይዘውት ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ በእግር ቢወጡ፣ እግረ መንገዳቸውንም ስለ ኪሎ ሳያነሡ ስለ ኳስ ቢያወሩ ሁለቱም ይጠቀማሉ። እንቅልፉ ደግሞ ከ9 ሰዓት እንዳያንስ፤ አምሽቶ ስልክ የሚነካካ ልጅ በማግሥቱ ይበልጥ ይርበዋል።

በመጨረሻ ከሐኪሙ ጋር ሲገናኙ ስለ ኪሎ ብቻ አይወያዩ። በ2003 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት ለሕክምና የመጡ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ልጆች ስለ ኑሯቸው ራሳቸው የሰጡት ምላሽ በካንሰር ሕክምና ላይ ካሉ ልጆች ምላሽ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል። ይህን ያነሣሁት ላስፈራራዎት አይደለም፤ ልጅዎ ከጓደኛ ጋር መጫወቱ፣ ትምህርት ቤት በደስታ መሄዱና ከገበታ ዳር መሳቁ እንደ ኪሎው ሁሉ መዝገብ ላይ ሊሰፍር የሚገባው ውጤት መሆኑን እንዲያውቁ ነው። ልጁ ወደ ትሪው ተመልሶ ኪሎው ቢቆም፣ ኪሎው ቀንሶ ከትሪው ከሚርቅ ይሻላል።

ጥያቄ፦ 14 ዓመቴ ነው፤ የምማረው ኮምቦልቻ 8ኛ ክፍል ነው። እናቴ በየወሩ ለክብደት ክትትል ትወስደኛለች። የምመዘነው ኮሪደር ላይ ነው፤ የሚመዝነኝ ሰውዬ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ለጸሐፊው ሲነግረው ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ይሰማል። ቤት ውስጥ ወንድሞቼ «ድቡልቡል» ነው የሚሉኝ፤ እናቴም ትስቃለች። የስፖርት ቱታዬ ስለሚጠበኝ ስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ሁልጊዜ አሞኛል እላለሁ። ቀጠሮው ሲቃረብ ቁርስም ምሳም እተዋለሁ፤ ማታ ሁሉም ሲተኛ ግን ኩሽና ገብቼ ያገኘሁትን እበላለሁ፣ ከዚያ አለቅሳለሁ። ራሴን መግዛት ለምን አቃተኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ አቃተኝ ያልሽው ራስን መግዛት አይደለም። ከጠዋት ጀምሮ ያልበላ ሰውነት ማታ ላይ ያገኘውን ሁሉ እንዲበላ የሚያዘው ተፈጥሮው ነው፤ ማንኛዋም ቁርስና ምሳ የዘለለች ልጅ በአንቺ ቦታ ብትሆን ሌሊት ኩሽና መግባቷ አይቀርም። በአሜሪካ ሚኒሶታ ከ2,500 በላይ ወጣቶችን ለ5 ዓመት ተከታትሎ በ2006 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ለመቅጠን ብለው ምግብ የሚቀንሱና የሚዘሉ ወጣቶች ከማያደርጉት ይልቅ ክብደታቸው ጨምሮ፣ ያለ ልክ የመብላት ችግርም በዝቶባቸው ተገኝተዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራሽ ማታ መብላት ማቆም ሳይሆን ጠዋት መብላት መጀመር ነው፤ ፍርፍርም ይሁን ቂንጬ፣ እንቁላል በዳቦም ይሁን፣ ቤት ያለው ይበቃል። ቀጠሮ የደረሰበት ሳምንትም እንደ ሌላው ሳምንት ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም የነገረሽ አይመስለኝም፦ በአንቺ ዕድሜ የሴት ልጅ ሰውነት ስብ ይጨምራል፣ ዳሌና ጭንም ይሞላል፤ ይህ የጤናማ ዕድገት አንዱ ክፍል ነው፤ ከኪሎሽ ውስጥ የተወሰነው የዚህ እንጂ የጥፋትሽ አይደለም።

ስለ ኮሪደሩ፦ ክብደትሽ የአንቺ ምሥጢር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ እናትሽ ቀድማ ገብታ «ልጄ ለብቻዋ፣ መጋረጃ ጀርባ ትመዘንልኝ፣ ቁጥሩም ካርዱ ላይ ይጻፍ እንጂ አይነገር» ብላ እንድትጠይቅ ንገሪያት። ቁጥሩን ማየት ካልፈለግሽ ፊትሽን አዙረሽ መመዘን ትችያለሽ፤ ይህን መጠየቅ ድፍረት አይባልም።

ስፖርቱን በተመለከተ መጀመሪያ ሰፋ ያለ ቱታ ይገዛልሽ፤ ነገሩ በመጠን ብቻ የሚፈታ ሆኖ ሳለ አንዲት ልጅ ዓመቱን ሙሉ ከጨዋታ መቅረቷ ያሳዝናል። መምህሩን መናገር ካፈርሽ ለምታቀርቢያት ሴት መምህርት ንገሪያት። ደግሞ እንቅስቃሴ ማለት ሩጫ ብቻ አይደለም፤ ከጓደኛሽ ጋር ገመድ መዝለል፣ ከትምህርት ቤት በእግር መመለስ፣ በራችሁን ዘግታችሁ እስክስታ መውረድም ይቆጠራል። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነች እኩለ ቀንን ትታችሁ ጠዋትና አመሻሽ ላይ አድርጉት።

የቀረው ለእናትሽ ነውና ይህን አንቀጽ ስጪያት። እመቤቴ፣ ልጅዎን እየወሰዱ ማስመርመርዎ የሚያስመሰግንዎ ነው። «ድቡልቡል» የሚለው ቃል ግን ለእርስዎ ቁልምጫ፣ ለእሷ ግን በየቀኑ የሚደገም ፍርድ ነው። በቤተሰብ ስለ ክብደቱ የሚቀለድበት ልጅ ይበልጥ እንደሚወፍርና በድብቅ እንደሚበላ ከአንድ በላይ ጥናት አሳይቷል፤ ለወንዶቹ ልጆችዎ ከዛሬ ጀምሮ በቤትዎ ስለ ማንም ሰውነት፣ ስለ ራስዎም ጭምር ቀልድ እንደማይፈቀድ ይንገሯቸው። በተለይ ስለ ራስዎ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ እናት መስተዋት ፊት ቆማ ቦርጯን ስትረግም የምትሰማ ልጅ ስለ ራሷ የምትለውን ከዚያ ነው የምትለምደው።

እህቴ፣ አንድ የመጨረሻ ነገር። የበላሽውን ሆን ብለሽ የምታስመልሺ ከሆነ፣ የሚያስቀምጥ ኪኒን ከወሰድሽ ወይም መኖር ያስጠላሽ ጊዜ ካለ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ለእናትሽ ወይም ለምታምኚው ትልቅ ሰው ንገሪ፤ ማታ ማታ የምታደርጊውንም ሐኪሙ ይወቀው። ይህ የሚታከም ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ከሐይቅ ነው የምጽፈው። ባለቤቴ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ልጆቻችን ሁለቱንም ወገን እያዩ ያድጋሉ። የ12 ዓመቷ ልጃችን የክብደት ክትትል ላይ ናት። ዘመድ ሁሉ «መድኃኒቷ ጾም ነው፣ ዐቢይ ጾምንም ረመዳንንም ትጹም» ይላል። እውነት ይቀንስላታል?

መልስ፦ ጾም ለአምላክ የሚቀርብ ነው፤ ለሚዛን ተብሎ ከተጾመ ልጅቷ ከሃይማኖቷም ከምግቧም ትጣላለች ብዬ እሠጋለሁ። በልቧ ፈልጋ፣ ከእኩዮቿ ጋር ልትጾም ከወደደች የእናንተና የእሷ ጉዳይ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከ7 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ለጾም አይገደዱም፣ በእስልምናም ግዴታው ለአካለ መጠን ከደረሱ በኋላ ነው። ክብደትን በተመለከተ ግን ዘመዶቻችሁ የሚጠብቁት ነገር እምብዛም አይገኝም። የጾም ምግብ ሥጋና ቂቤ ባይኖረውም ዘይቱ፣ ዳቦው፣ ፓስታውና ቦንቦሊኖው ሞልቷል። በረመዳንም ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆዱን የዋለ ልጅ ማታ ሳምቡሳ ላይ ሲደርስ ምን ያህል እንደሚበላ ማየት ነው።

ልጃችሁ የምትጾም ከሆነ ማፍጠሪያውን በተምር፣ በውሃና በሾርባ ጀምራ ከሶላት በኋላ ወደ እራት ትምጣ፤ ሳምቡሳው ከገበታው አይጥፋ፣ ግን የየቀን ሳይሆን የተወሰኑ ቀናት ይሁን፤ ሱሁርም አትዝለል፣ ያለሱ ከዋለች ማታ ይብስባታል። በዐቢይ ጾም ደግሞ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ጎመን የምትወዳቸው ከሆኑ ከዚያ የተሻለ ምግብ የለም። ሐይቅ ላይ ስለሆናችሁ በፍስክ ቀን ዓሣው አለላችሁ፤ ጠብሶ በዘይት ከማጥለቅ በወጥ መልክ ቢሠራ መልካም ነው። የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ግን ሐኪሟ ሳይፈቅድ አንድ ቀን እንኳ እንዳትጾም።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄን ወልድያ አሳድጋለሁ፤ 9 ዓመቱ ነው። በቴሌግራም የሚሸጥ የማቅጠኛ ሻይ አለ፤ ሌሎች ደግሞ ኮሶ ስጪው ይሉኛል። ልስጠው? ወይስ የእጢ በሽታ ይሆን?

መልስ፦ ሁለቱንም አይስጡት፣ እማማ። የማቅጠኛ ሻይ የሚባሉት ብዙዎቹ ሆድ የሚያስቀምጡ ቅጠሎች ያሉባቸው ናቸው፤ ሚዛኑ ላይ የሚቀንሰው ውሃ ስለሆነ ልጁ ውሃ እንደጠጣ ይመለሳል፣ ልጁን ግን ያደክመዋል። ኮሶም መርዛማነት ያለው የትል መድኃኒት እንጂ የውፍረት መድኃኒት አይደለም። ለክብደት የሚታዘዙ ዘመናዊ መድኃኒቶች በሌላው ዓለም አሉ፤ የሚሰጡት ግን በአብዛኛው ከ12 ዓመት ጀምሮ፣ ከባድ ውፍረት ላለባቸው፣ በሐኪም ዓይን ሥር ነው፤ የ9 ዓመት ልጅ አይመለከቱም።

የእጢ በሽታ፣ ማለትም ሆርሞን የሚያመነጩ እጢዎች መታወክ፣ የሚያወፍራቸው ልጆች ጥቂቶች ናቸው፤ ዋናው ምልክታቸውም ቁመት ነው። እየወፈረ በቁመት ከእኩዮቹ የሚቀር፣ ወይም ማደግ ያቆመ ልጅ ለዚህ መመርመር አለበት፤ ወፍራም ሆኖ ከእኩዮቹ ረዘም ያለ ከሆነ ግን መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ እጢ አይደለም። የሚወስደው መድኃኒት ካለ፣ ለምሳሌ ለአስም ወይም ለኩላሊት የተሰጠ ፕሬድኒሶሎን ወይም ለሚጥል በሽታ የተሰጠ ቫልፕሮይክ አሲድ፣ እነዚህም ክብደት ይጨምራሉና ለሐኪሙ ይንገሩ፤ በራስዎ ግን አያቋርጡ። አንገቱና ብብቱ ሥር ቆዳው ጠቁሮ ከወፈረ፣ ውሃ ጥም ካበዛና ሌሊት ለሽንት የሚነሣ ከሆነ፣ ተኝቶ እያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ ራሱን እያመመው ዓይኑ ከደበዘዘ፣ ወይም ዳሌውን ወይም ጉልበቱን አሞት የሚያነክስ ከሆነ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይውሰዱት። ሲሄዱ ያለፈውን ካርዱንና የክትባት ደብተሩን ይያዙ፤ የቀድሞ ቁመቱና ክብደቱ ከተጻፈበት ሐኪሙ ከዛሬው ጋር አስተያይቶ ብዙ ነገር ይረዳበታል።